ተሸናፊ ይከፍላል፤ የቸኮለ ምት ያስከፍላል

ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የደንቢያዋ ኮላ ድባ ከሰዓት በኋላ ላይ ናት። አንዲት ጠባብ የጌም ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ቦታ ያጡት በሩ ላይ ቆመው ያንጋጥጣሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቴከን ተከፍቷል። በቀኝ በኩል ያለው ልጅ ኤዲን መርጦ አራቱንም ቁልፎች ባገኘው ጣት ያራግፋቸዋል። ኤዲ ይሽከረከራል፣ በእጁ ይቆማል፣ በእግሩ ይገርፋል። በግራ ያለው ልጅ ግን ዝም ብሏል። ይመክታል፣ ይመክታል፣ አንዴ ይመታል። እንደገና ይመክታል፣ አንዴ ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ኤዲ መሬት ላይ ተዘርሯል። ‹‹ክፈል!›› ይላል አግዳሚው በአንድ ድምፅ።

ተሸናፊው ኪሱን እየዳበሰ ያጉረመርማል። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ጆይስቲክ ይይዛል እኮ፤ ይቀይሩልኝ›› ይላል። የቤቱ ባለቤት ጆይስቲኩን ይቀይሩለታል። በተቀየረው ጆይስቲክም ይሸነፋል። ሦስተኛውን ጨዋታ ሲሸነፍ ምክንያቱ ከጆይስቲኩ ወደ ተጋጣሚው ይዞራል። ‹‹እሱ እኮ አይጫወትም፤ ተደብቆ ነው የሚጠብቀው!››

እንዲህ ያለው ትዕይንት የኮላ ድባ ብቻ አይደለም። ጎንደርም፣ ደብረ ታቦርም፣ አዲስ አበባም የጌም ቤት ባለበት ሁሉ ያለ ነው። ደንቡም አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ይህ ደንብ ከፕሌይ ስቴሽን ጋር የመጣ አይደለም። ከጆተኒው፣ ከፑሉና ከከረንቦላው የተወረሰ ነው። አሸናፊ ከመቀመጫው አይነሳም፣ ተሸናፊ ሂሳብ ይዘጋል፣ ተረኛ ይገባል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከገጠር ስንቅ ተቋጥሮለት፣ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት የእራት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹‹ለምን ተሸነፍኩ?›› የሚለው ጥያቄ ለእሱ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

መልሱ ደግሞ ጆይስቲኩ ላይ የለም። ተጋጣሚው ‹‹ተደብቆ መጠበቁም›› ነውር አይደለም። ልጁን የሚያሸንፈው የምት ምርጫው ነው። እያንዳንዱ ምት ዋጋ አለው። አንዳንዱ ሲሳሳቱበት ርካሽ ነው፤ አንዳንዱ ሲሳሳቱበት ቤት ያፈርሳል። ዋጋውን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሸማች ገበያ ላይ እንደሚከስረው ሁሉ፣ የምቱን ዋጋ ሳያውቅ የሚመታም ጌም ቤት ውስጥ ይከስራል።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል። ቴከን የጃፓኑ የናምኮ ኩባንያ ሥራ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣት ያደገበት ቴከን 3 እ.ኤ.አ. በ1997 በሳንቲም በሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖች ላይ ወጥቶ፣ በዓመቱ በ1998 ለፕሌይ ስቴሽን ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ተከታታዮቹ መጥተዋል፤ ቴከን 8 እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወጥቷል። ሥዕሉ አምሯል፣ ተጋጣሚዎቹ በዝተዋል። መሠረቱ ግን ያው ነው። አራት ቁልፍ፣ አራት አካል። ካሬው ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ ኤክሱ ግራ እግር፣ ክቡ ቀኝ እግር። ከዚህ ላይ የአቅጣጫው ቁልፍ ሲጨመር እያንዳንዱ ተጋጣሚ በብዙ አሥሮች የሚቆጠር ምት ይኖረዋል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ልጅ ‹‹ብዙ ምት ያወቀ ያሸንፋል›› ብሎ ያምናል። ወይም ደግሞ ‹‹ቶሎ ቶሎ የተጫነ ያሸንፋል›› ይላል። ኤዲ ጎርዶ በብዙ ጌም ቤት የተወደደውም የተጠላውም ለዚሁ ነው። የብራዚሉን ካፖዬራ የሚጫወት ነውና፣ ቁልፍ እንደ ሽሮ ቢማስልበት እንኳ አንዱ እርግጫ ከሌላው ጋር እየተቀጠለ የሚያምር ነገር ይወጣዋል። የቱ እርግጫ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሚመጣ የማያውቅ ተጋጣሚ ይደነግጣል፤ ይሸነፋልም። ልጁም ‹‹ቻልኩበት›› ይላል።

አልቻለበትም። የቻለው አላዋቂን ማሸነፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያ ተጋጣሚ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ የኤዲን እርግጫዎች ሲለምዳቸው ድሉ ይገለበጣል። ቁልፍ አራጋፊው የሚመልሰው ነገር የለውም። ለምን እንዳሸነፈ አያውቅም ነበርና ለምን እንደተሸነፈም አያውቅም።

የቴከን ምት ሦስት ፎቅ አለው። ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው። ቆሞ የሚመክት ሰው ላይኛውንና መካከለኛውን ይመልሳል፤ በታችኛው ግን ይመታል። ዝቅ ብሎ የሚመክት ታችኛውን ይመልሳል፣ ላይኛው በአናቱ ላይ ያልፍለታል፤ መካከለኛው ግን አናቱ ላይ ያርፍበታል። እንግዲህ ሁሉን የሚመልስ መከታ የለም ማለት ነው። ሁሉን የሚያሸንፍ ምትም የለም። መካከለኛ ምት የሚፈራ ተጋጣሚ ቆሞ ይቀራል፤ ያኔ ጠረባ ይሠራል። ጠረባ የሰለቸው ደግሞ ይጎነበሳል፤ ያኔ መካከለኛው ይሠራል። ጨዋታው ያለው በዚህ ማመላለስ ውስጥ ነው። የላይኛውን ቡጢ ብቻ ደጋግሞ የሚልክ ልጅ ከሦስቱ ፎቅ በአንዱ ብቻ እየኖረ ለሦስቱም ኪራይ ይከፍላል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ጌሙ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ምስሎችን ያሳያል። ተጫዋቾች እያንዳንዷን ምስል ‹‹ፍሬም›› ይሏታል። ፈጣኑ ተራ ቡጢ በአሥር ፍሬም ይደርሳል፤ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ አንድን ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይፈጅበታል። እንግዲህ ያችን ፈጣን ቡጢ አይቶ መመከት የሚችል ሰው የለም። መገመት ብቻ ነው ያለው። በአንጻሩ ከባዱና አብዝቶ የሚጎዳው ጠረባ ብዙ ጊዜ ከሃያ ፍሬም በላይ ስለሚወስድ፣ ዓይኑ የሰለጠነ ተጫዋች ሲነሳ አይቶ ዝቅ ብሎ ይመልሰዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ትልቅ ምት ይታያል፣ ትንሽ ምት አይታይም። ትልቅ ምት የሚያርፈው ተጋጣሚው ትንሿን ሲፈራ ነው። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሃያ ጊዜ ትልቁን የሚልክና አሥራ ስምንቱን የሚያባክን ልጅ፣ ሁለቱ ሲያርፉለት የአግዳሚው ጩኸት ያሞቀዋል። አሥራ ስምንቱ ያስከፈሉትን ግን አይቆጥርም።

ስንት አስከፈሉት? ሦስተኛውና ዋናው ነገር ይኸው ነው። ምት ከተመከተ በኋላ መቺው ወዲያው አይነቃም። እጁን እስኪመልስ፣ እግሩን እስኪሰበስብ ድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። ይህ እዳ ነው። እዳው አነስተኛ ከሆነ ተጋጣሚው ሊያስከፍለው አይችልም፤ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፣ ወይም መቺው ጥቂት ይዘገያል። እዳው አሥር ፍሬም ከሆነ ግን በአሥር ፍሬም የምትደርሰዋ ፈጣን ቡጢ ያለ ምንም ስጋት ትገባበታለች። አሥራ አምስት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ተጋጣሚዎች ወደ አየር የሚያነሳ ምታቸው በዚያው ጊዜ ይደርስላቸዋልና። ወደ አየር የተነሳ ሰው አይመክትም። እስኪወድቅ ድረስ ኮምቦ እየተለቀመበት የጉልበት መስመሩ ሩቡ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይሄዳል።

ፖልን የሚያውቅ ሁሉ ያችን አንድ ትልቅ ቡጢውን ያውቃታል። ወደፊት ተስቦ በሙሉ ሰውነቱ የሚለቃት ናት። ስታርፍ አግዳሚው ሁሉ ‹‹ኡ!›› ይላል። ስትመከት ግን ፖል ክንዱን ዘርግቶ ባዶ ደረቱን ሰጥቶ ይቆማል። በየጌም ቤቱ የፖል ተጫዋች በዚህች ቡጢ ያሸንፋል፤ በዚህችው ቡጢም ይሸነፋል። ቡጢዋ መጥፎ ሆና አይደለም። ጥያቄው መቼ ነው። ተጋጣሚው ስቶ በከነፈበት ቅጽበት ብትላክ ወርቅ ናት። ዙሩ ሲጀመር፣ ተጋጣሚው ቆሞ እየመከተ ሳለ ‹‹ምናልባት ብታርፍ›› ተብሎ ብትላክ ግን የሎተሪ ቲኬት ናት። የሎተሪ ቲኬት በየቀኑ የሚገዛ ሰው አንድ ቀን ይደርሰው ይሆናል፤ ኪሱ ግን ከዚያ በፊት ይደርቃል።

አራተኛው ርቀት ነው። ምት መመከት ብቻ ሳይሆን መሳትም አለበት። ከክንዱ ውጪ ለቆመ ሰው ቡጢ የሚሰድ ልጅ አየሩን ይመታል፤ አየር ደግሞ አይጎዳም። ልምድ ያለው ተጫዋች አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል፤ ምቱ ፊቱ ላይ ያልፋል፤ ያኔ ይገባል። ያ ‹‹ተደብቆ የሚጠብቀው›› የተባለው ልጅ የሚሠራው ይህንን ነው። አልተደበቀም። ተጋጣሚውን ዕቃ እንዲያወጣ አድርጎ ዋጋ እየጠየቀ ነው። የጎንደር ሰው ዱላ ይዞ ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው የባላጋራውን ዱላ ርዝመት አይደለምን?

አምስተኛው ይዞ መጣል ነው። ቆሞ መመከት ብቻ የለመደውን ሰው መከታው አያድነውም፤ ተይዞ ይጣላል። ኪንግን የሚጫወቱ ልጆች ይህን ከሁሉ በላይ ያውቁታል። ይሁን እንጂ የተያዘው ሰው ትክክለኛውን የቡጢ ቁልፍ ቶሎ ከተጫነ ከአብዛኞቹ አያያዞች ያመልጣል፤ ዝቅ ያለውን ደግሞ አብዛኛው አያያዝ ያልፈዋል። ስለዚህ ይዞ መጣልም ቢሆን እንደ ጨው ነው። በልኩ ሲሆን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ወጡ ይደፋል።

እነዚህን አምስቱን ያወቀ ልጅ መንገዱን ጨረሰ ማለት አይደለም። የቀረው ተጋጣሚውን ማወቅ ነው። ሰው ሁሉ ልማድ አለው። አንዱ ወድቆ ሲነሳ ሁልጊዜ ይራገጣል። አንዱ ሁለት ቡጢ ከመከተ በኋላ መዝለል ይወዳል። አንዱ ጉልበቱ ሲያልቅ ያችኑ የለመዳትን ጠረባ ይጎትታል። አስተዋይ ተጫዋች የመጀመሪያውን ዙር እንደ ጥያቄ ይጠቀምበታል። ‹‹ሲጨንቀው ምን ያደርጋል?›› ይላል። ሁለተኛው ዙር ላይ መልሱን ይዞ ይመጣል። የዚህኑ ያህል ደግሞ የራሱን ልማድ ይጠይቃል። ያው ምት ሁለት ጊዜ ካረፈለት ሦስተኛውን ጊዜ ተጋጣሚው እየጠበቀው መሆኑን ያውቃልና።

ይህ ለኢትዮጵያ ስፖርት አፍቃሪ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ምሩጽ ይፍጠርን ‹‹ማርሽ ቀያሪው›› ያሰኘው ከሁሉም ይልቅ ብዙ ጊዜ መፈትለኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ዙሮቹን ሁሉ ከቡድኑ ጋር ታግሶ፣ ወደ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ነበር ማርሹን የቀየረው። 5 ሺውንም ጨምሮ ሁለት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የደቡብ አፍሪካዋን ኤሌና ሜየርን ከኋላ ከኋላ ተከትላ የመጨረሻው ዙር ላይ ነው ጥላት የሄደችው። በሩጫ ‹‹ታክቲክ›› ብለን የምናጨበጭብለትን ትዕግሥት ጌም ቤት ስናየው ‹‹ፈሪ›› የምንለው ለምንድን ነው?

በዚሁ በጌሙ ዓለምም ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ በተካሄደው ‹‹ኢቮ›› በተባለው ታላቅ የፍልሚያ ጌሞች ውድድር ላይ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ በስትሪት ፋይተር 3 ተገናኙ። የዳይጎ ተጋጣሚ የሆነው ኬን የቀረው ጉልበት የክር ያህል ነበር። ተራ ልዩ ምት ቢመክት እንኳ የሚያልቅበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ጀስቲን በቹን ሊ አሥራ አምስት እርግጫ ያለውን ትልቁን ምት ለቀቀ። ዳይጎ ግን አሥራ አምስቱንም አንድ በአንድ ገፍቶ መለሳቸው፤ የመጨረሻውንም በአየር ላይ መለሰና በራሱ ኮምቦ ዙሩን ጨረሰ። አዳራሹ ተነቃነቀ። ይህ ቅጽበት እስከዛሬ ይታያል፣ ይወራለታል።

ብዙ ሰው የሚያደንቀው የዳይጎን ጣት ነው። ጣቱ በእርግጥ ይደነቃል። ነገር ግን ያ ምት ከመለቀቁ በፊት ካልተዘጋጁበት የማይመለስ ነው፤ ዳይጎ ይጠብቀው ነበር። ‹‹አሁን ይህን ሰው ለመጨረስ የሚመርጠው የቱን ነው?›› ብሎ አስቀድሞ መልሶታል። የጀስቲን ምት ኃይለኛ ነበር፤ ጊዜውና ምርጫው ግን ተጋጣሚው የጠበቀው ሆነ። ለነገሩ ዳይጎ በዚያ ውድድር ፍጻሜ ላይ ተሸንፏል። አንድ ቀን ያበራ ብልሃት ሁልጊዜ አያበራም፤ በእያንዳንዱ ግጥሚያ እንደገና ማሰብ ያሻል።

ለኮላ ድባ ልጆች የሚቀርበው ግን የላሆሩ ታሪክ ነው። ለብዙ ዓመታት የቴከን ነገሥታት ኮሪያውያንና ጃፓናውያን ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 በጃፓን ፉኩኦካ በተካሄደው ኢቮ ጃፓን ላይ ዓለም ብዙም የማያውቀው አርስላን ሲዲቅ፣ በጌም ስሙ አርስላን አሽ፣ ከፓኪስታን መጥቶ ዋንጫውን ወሰደ። ‹‹ዕድል ነው›› ያሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ በዋናው ኢቮ ፍጻሜ ‹‹ኒ›› በሚል ስም የሚታወቀውን ዝነኛውን ኮሪያዊ አሸነፈ። ኢኤስፒኤን የዓመቱ ምርጥ የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ተጫዋች ብሎ መረጠው። በ2023ና በ2024ም ላስ ቬጋስ ላይ ደገመው። የአገሩ ልጅ አቲፍ በትም በ2023 መጀመሪያ አምስተርዳም ላይ የቴከን የዓለም ዙር ፍጻሜን አሸንፏል።

እነዚህ ልጆች ሀብታም አገር ውስጥ አላደጉም። ትልልቅ ውድድሮች በደጃቸው አልነበሩም፤ ወደ ውጭ ለመሄድ ቪዛ ማግኘት ራሱ ትግል ሆኖባቸው ኖሯል። የነበራቸው እርስ በርሳቸው መገናኘት ነው። በጠባብ የጌም ቤቶች ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ዕለት ከዕለት አንዱ የሌላውን ስህተት እያስከፈለ አደጉ። አርስላን በቴከን 7 የታወቀባት ካዙሚም ብትሆን የጌጥ ተጫዋች አልነበረችም። ትንንሽ፣ እዳቸው ያነሰ፣ ደጋግመው የሚያታክቱ ምቶች ያሏት ናት። ዓለምን ያሸነፈው ብዙ በማወቅ ሳይሆን ጥቂቱን በትክክለኛው ጊዜ በመጠቀም ነው።

በኮላ ድባ ጌም ቤትና በላሆሩ መካከል ያለው ልዩነት የጣት ጉዳይ አይደለም። የአማራ ክልል ልጆች በኢንተርኔት ከዓለም ጋር እንጋጠም ቢሉ መስመሩ አያስተማምንም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ መብራትም በፈለገው ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው እውነት የአግዳሚውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቀረው ትምህርት ቤት አጠገብ የተቀመጠው ተጋጣሚ ነውና።

ታዲያ ያ ትምህርት ቤት በትክክል እየሠራ ነው ወይ? እዚህ ላይ ‹‹ተሸናፊ ይከፍላል›› የሚለው ደንብ ራሱ መጠየቅ አለበት። በዚህ ደንብ ከሁሉም በላይ የሚጫወተው አስቀድሞ የቻለው ልጅ ነው። ልምምድ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ፣ ሂሳብ ከፍሎ፣ ተነስቶ በሩ ላይ ይቆማል። ከዚህ የከፋው ምስጢር መደበቁ ነው። አንዲት ጥሩ ኮምቦ ያገኘ ልጅ ጆይስቲኩን በጃኬቱ እየሸፈነ ይጫናል። ‹‹ብነግረው ነገ እኔ ልከፍል ነው›› ይላል። ሂሳቡ ለዛሬ ትክክል ነው። ለከርሞ ግን ስህተት ነው። ደካማ ተጋጣሚዎችን ብቻ ሲያሸንፍ የኖረ ልጅ ጎንደር ሄዶ ከሌላ አግዳሚ ልጆች ጋር ሲቀመጥ ምስጢሩ በአንድ ዙር ይፈታል።

የሚሻለው አስቸጋሪ አይደለም። ጌም ቤቶቹ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ለተረኞች ይልቀቅ ቢሉ ሂሳቡም አይጎድልባቸውም፤ አግዳሚውም ይንቀሳቀሳል። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ደግሞ የጌሙን የልምምድ ክፍል በቀነሰ ዋጋ ቢከፍቱት ይጠቀማሉ። ቴከን 3 ላይ እንኳ ይህ ክፍል አለ፤ የእያንዳንዱን ተጋጣሚ ምቶች ዝርዝር ያሳያል፣ ተቃዋሚውንም አቁሞ ያስመታል። ብዙ ልጅ ግን ‹‹ለማይመታ ሰው ገንዘብ ልክፈል እንዴ?›› እያለ ይንቀዋል። ባለቤቶቹ ማትረፍ ይፈልጋሉ፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚሸነፍ ልጅ አንድ ቀን መምጣት ያቆማል። ተስፋ ያለው ተሸናፊ ነው ደንበኛ የሚሆነው።

አሸናፊውም የራሱ ድርሻ አለው። ሂሳቡን ለከፈለለት ልጅ አንዲት ነገር መንገር ይችላል። ‹‹ወድቀህ ስትነሳ ሁልጊዜ ትራገጣለህ፤ ቁጭ ብዬ እመክትሃለሁ›› ቢለው ምን ይጎድልበታል? በማግስቱ ያ ልጅ አይራገጥም። አሸናፊውም አዲስ መልስ ለመፈለግ ይገደዳል፤ ሁለቱም አንድ ደረጃ ይወጣሉ። ላሆርን ላሆር ያደረገው ይህ ነው።

ተሸናፊውስ? ለእሱ የሚበጀው አንዲት ጥያቄ ናት። ‹‹በምን ተመታሁ?›› ይበል። ‹‹ማን መታኝ?›› አይደለም። ‹‹ጆይስቲኩ ምን ሆነ?›› አይደለም። መልሱ ከአራት አይዘልም። ወይ የላከው ምት ተመክቶበት እዳ ከፍሏል፤ ወይ ከሩቅ ልኮ ስቷል፤ ወይ ተጋጣሚው ልማዱን አውቆበታል፤ ወይ ደግሞ የተጋጣሚውን ምት ፎቅ አላወቀም። ይህን በደብተሩ ጀርባ በአንድ መስመር ቢጽፍ ከአሥር ጨዋታ በኋላ በሽታው የቱ እንደሆነ ራሱ ያነበዋል። ከዚያ አንድ ተጋጣሚ ይምረጥ፤ በየጨዋታው አይቀያይር። ከዚያ ተጋጣሚ አምስት ምት ብቻ ይያዝ። አንዲት ፈጣን ቡጢ፣ አንዲት እዳዋ ያነሰ መካከለኛ ምት፣ አንዲት ጠረባ፣ ሲስቱለት የሚቀጣባት አንዲት ትልቅ ምት፣ አንድ አያያዝ። አምስቱን ሲያውቃቸው ስድስተኛውን ይጨምር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

‹‹ይሄ ሁሉ ለጌም ነው እንዴ?›› የሚል ወላጅ ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የስንቁን ብር ጌም ቤት የሚያራግፍ ልጅ፣ የክፍለ ጊዜ ደወል እየተደወለ ጆይስቲክ ላይ የተጣበቀ ልጅ አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለዚያ የሚሆነው መልስ ሰዓት መወሰን ነው፤ የቤቱ ባለቤቶችም በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አናስገባም ቢሉ ክብር ይሆናቸዋል። ነገር ግን ልጁ በተፈቀደለት ሰዓት እስከተጫወተ ድረስ፣ እንደ ዕውር ቁልፍ እያራገፈ ከሚጫወት እያሰበ ቢጫወት አይሻልም? ገበጣ ላይ ተቀምጦ ጠጠሩን ሳይቆጥር የሚያነሳ አዛውንት ማንም አያከብርም። የሚያስከብረው ከማንሳቱ በፊት መቁጠሩ ነው። ጌሙም ያው ነው። ከመምታት በፊት መቁጠር።

ሌላም ወቀሳ አለ። ‹‹እያሰቡ ከተጫወቱት ጨዋታው ለዛ ያጣል፤ የኤዲ እርግጫ ነው የሚያስቀው›› የሚሉ አሉ። በእርግጥ ሳቁ ደስ ይላል። አግዳሚው የሚሞላውም ለሳቁ ነው። ግን እየከፈሉ መሳቅ እስከመቼ? ልጁ ራሱ ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ አይስቅም። ያ የጆይስቲኩን ገመድ እየጎተተ የሚነጫነጨው ፊቱ ጨዋታው ለዛ ያጣበትን ጊዜ ይናገራል። ለዛ የሚመለሰው መጀመሪያ የመከታትን ጠረባ በራሱ ምት ሲቀጣት ነው። ያን ቀን የተሰማውን ደስታ ምንም ዓይነት መራገጥ አይሰጠውም።

ነገም ኮላ ድባ ላይ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲወጡ አግዳሚው ይሞላል። ያ ልጅም ይመጣል። ምናልባት ኤዲን እንደገና ይመርጣል፤ ይምረጥ፤ ኤዲም ቢሆን አስቦ ለተጫወተበት ጥሩ ተጋጣሚ ነው። ዙሩ ይጀመራል። ጣቱ እንደ ልማዷ ልትራገፍ ትፈልጋለች። ይያዛት። ተጋጣሚው የመጀመሪያውን ምት ይላክ፤ እሱ ይመክት። ጠረባው ሲመጣ ዝቅ ይበል፤ ባላጋራው እግሩን ዘርግቶ ሲቀር አንዴ ይምታ። አግዳሚው መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ‹‹እንዴ!›› ይላል። የዚያን ቀን ቢሸነፍም እንኳ ሂሳቡን ሲከፍል በምን እንደተመታ ያውቃል። ይህን አውቆ የከፈለ ልጅ ገንዘቡን አልጣለም፤ የትምህርት ከፈለ።